ከአርብ ጀምሮ ቁም ሳጥኔ ላይ

ዓይኔን ብጨፍን ያየኛል፣ ብገልጥ ያየኛል፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው ባዞር ጀርባዬን ያየኛል፤ ወይ ጉዴ፣ ከአርብ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ መጋረጃውን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ ከነልብሴ ተጋድሜአለሁ። ከነልብሴ የሆንኩት ሰው በጌታው ፊት ልብስ አይቀይርም ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የምቀይረው ኮሪደሩ ጫፍ ያለው የጋራ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው፤ ጎረቤቴ፣ ያ ሙዚቃ የሚያስጮኸው ሰውዬ፣ ፒጃማዬን በብብቴ ሸጉጬ ስመላለስ አየኝና ክፍልሽ ውስጥ እንግዳ አለ እንዴ ብሎ ጠቀሰኝ። አለ አልኩት። ምን ልበለው? ቁም ሳጥኔ ላይ፣ ታጥቦ በተተኮሰ ነጭ ፎጣ ላይ፣ ከእጅ ሰዓት የማትበልጥ ክብ ሙዳይ አለች፣ ክዳኗ ላይ መስቀል አለ፣ ውስጧ ሁለት ነጭ ኅብስት አለ፣ ቅዱስ ቁርባን ነው፣ ከሥራ ቦታ ሰርቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ ልበለው?

ሰርቄ አልልም። አዎ፣ ሰርቀሻል። ቆይ፣ ከመጀመሪያው እንሂድ፣ ነገ ሥራ ቦታ አለቃዋ ስትጠይቅሽም እንዲህ አድርገሽ ነው የምትነግሪያት፣ ሳትንተባተቢ። የምሠራው የሆስፒታል ልብስ የሚታጠብበት ቤት ነው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ። ቆሻሻው በትልልቅ ከረጢት ይመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፣ እኛ ጓንት አጥልቀን አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን አንሶላውን ለብቻ፣ የትራስ ልብሱን ለብቻ፣ ፎጣውን ለብቻ እንለያለን። ከአንሶላ ውስጥ የማይወጣ ነገር የለም። መነጽር ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወጣል፣ አንድ ቀን የጋብቻ ቀለበት ወጥቶ ምሳዬን ዘግቶኝ ዋለ። ሕጉ ግን ግድግዳው ላይ በሦስት ቋንቋ ተለጥፏል፣ በየስድስት ወሩም ያስፈርሙናል፤ ከልብስ ውስጥ የወጣ ነገር ሁሉ፣ ወርቅም ይሁን ቁራጭ ወረቀት፣ እንደ ተበከለ ስለሚቆጠር ሳይከፈት ቢጫው ባልዲ ውስጥ ይጣላል፣ ባልዲው ይታሸጋል፣ ይሄዳል፣ ይቃጠላል። የልብስ ቁልፍ እንኳ ኪሱ የከተተ በዚያው ቀን ይባረራል። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ የተጻፈው በድርጅቱ ስም ነው፤ ሥራው አለቀ ማለት እኔም አለቅኩ ማለት ነው፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ።

አርብ ጠዋት የትራስ ልብስ አራግፋለሁ፣ ይቺ ሙዳይ ቃጭ ትላለች፣ ተንከባላ ጓንቴ ሥር ትገባለች። ገና ሳላነሣት አወቅኳት። እማዬ የቁምስናችንን፣ የሰፈራችንን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የመሠዊያ ጨርቅ ስታጥብ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ነው ያደግኩት፤ አባ ወደ በሽተኛ ሲሄዱ ይቺን የመሰለች ሙዳይ ደረታቸው ላይ ይዘው ሲያልፉ መንገድ ላይ ያለነው ሁሉ እንንበረከክ ነበር፣ ጭቃ ቢሆን ጭቃው ላይ። አጠገቤ የምትሠራዋ ሴትዮ አየችና የኪኒን ዕቃ ነው፣ ጣይው አለችኝ። ክዳኗን ፈልቀቅ አደረግኩ። ሁለት ናቸው። ቁርባን የሚያድል ሰው በሽተኛው እስኪነቃ ትራሱ አጠገብ አስቀምጦት ይሆናል፣ ነርሷ ሳታይ ጠቅልላው ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ብቻ ባልዲው ከእግሬ አጠገብ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ካሜራው ከላይ አለ፣ አለቃዋ ከመስታወቱ ጀርባ ስልክ ታወራለች። ምን ላድርግ? ከጥርስና ከመርፌ ጋር ልጣለው? እሱን? እጄ እኔን ሳያማክር ወሰነ። ጓንቱን ገልብጬ ሳወልቅ ሙዳይዋ ውስጡ ቀረች፣ ጓንቱ ጡት መያዣዬ ውስጥ ገባ፣ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ ልቤ እሷን እየደለቀ አንሶላ ስለይ ዋልኩ። ጓንቱም እዚሁ ነው፣ በንጹሕ ፌስታል አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ፍርፋሪ ነክቶት እንደሆነስ?

ትናንት መልእክት መጣ። አርብ ከሁለተኛው መስመር የጠፋ ዕቃ እየተፈለገ ነው፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮ፣ መታወቂያሽንና የመኖሪያ ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ፣ ይላል። ሰላምታ የለውም። ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለታችንንም ጠርተው ይሆን ብዬ አጠገቤ የምትሠራዋን ልደውልላት ነበር፣ ደግሞ ብደውል ጥፋተኛ እመስላለሁ አልኩና ተውኩት፣ ባልደውልስ ምን እመስላለሁ? ቧንቧው ሲያንኳኳ ፖሊስ መጣ እላለሁ፣ ደረጃው ላይ ሰው ሲወጣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከእነሱ ይልቅ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ታቦቱ በሬዎቹ ሲንገዳገዱ ሊወድቅ ሲል እጁን ዘርግቶ የደገፈው ያ ሰውዬ፣ ዖዛ፣ ምን አጠፋ? አይውደቅ ብሎ ነው። እዚያው ቀጥ ብሎ ቀረ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ይሄን ታሪክ ስሰማ አልቅሼ ትምህርቱን አስቆምኩ። ያስተማሩን መነኩሲት፣ ሲስተራችን፣ ደግሞ አጽናኑኝ ብል ውሸት ነው፤ ቅዱስ ቁርባንን ይዞ የሄደ ሰው ተወግዟል፣ ተራ ካህን አይፈታውም፣ ከሮም ነው የሚፈታው ብለው ጨመሩበት። ሮም! እኔ የዚህን አገር ፈቃድ ለማሳደስ አራት ቀን የተሰለፍኩ ሰውዬ፣ ለሮም ደግሞ በየትኛው መስኮት ልሰለፍ?

ሰውዬ አልኩ ደግሞ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጾታውንም ይረሳል።

በንጹሕ እጅ የያዝኩት ብሆን እንኳ ምናለ። ካህን አይደለሁም፣ መነኩሲት አይደለሁም፣ ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያው ዓመት እሑድ እሑድ ሥራ ነበር፣ እውነት ነው። እማዬ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ትደውልና ዛሬ አባ ምን አሉ ትላለች፤ እግሯ ከታመመ ወዲህ ቅዳሴ መሄድ አልቻለችም፣ ቄሱ ቁርባኑን ቤት ድረስ ያመጡላታል፣ ስብከት ግን የለም፣ ስብከት ደግሞ ነፍሷ ነው። አልሄድኩም ማለት አቃተኝ። የዕለቱን ወንጌል ስልኬ ላይ አነበብኩና ስብከቱን ፈጠርኩት። ከየት አባቴ ላመጣው? ከማውቀው ነዋ፣ ከልብስ አጠባ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ በታጠቀው ፎጣ አደረቀ፤ ያንን ፎጣ ከዚያ በኋላ ማን አጠበው ብለው ጠየቁን አባ፣ አልኳት። እማዬ ስታለቅስ ሰማኋት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ትንሣኤው፤ መቃብሩ ውስጥ ራሱ የተጠመጠመበት ጨርቅ ለብቻው ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ሞትን አሸንፎ ሲወጣ እንኳ የተኛበትን አጣጥፎ ነው የሄደው፣ ለማንም ሥራ አልተወም አሉ አባ፣ አልኳት። ያ ቄስሽ ልብስ ሲያጥብ ያደገ ነው የሚመስለው አለችኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ እሑድ እረፍት ተሰጠኝ። ታዲያ በምን ፊቴ ልሂድ? ልናዘዝ ብል ውሸቱን ማቆም አለብኝ፣ ውሸቱን ካቆምኩ እማዬ ስብከት የላትም። እንዲሁ ስንከባለል ስድስት ዓመት ሞላኝ። እና እንግዲህ እሱ የመጣው እንዲህ ያለችዋ ቤት ነው። በልብስ ክምር ውስጥ ስሙን ስነግድበት ኖሬ፣ ከልብስ ክምር ውስጥ ወጣ። እየቀለድክብኝ ነው? ስለው ነበር ሌሊቱን፣ ይቅር በለኝ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ። አታይው። አላየሁትም። እማዬ ናት ያስተማረችኝ፤ ቅዱስ ቁርባን መሬት ቢወድቅ፣ ሰው ሊቀበለው የማይችል ቢሆን፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይደረጋል፣ ኅብስትነቱ ሟሙቶ ሲጠፋ ውኃው ሰው የማይረግጠው አፈር ላይ ይፈሳል፣ ክብሩ ተጠበቀ ማለት ነው። በበሽተኛ አንሶላ ውስጥ የተገኘ ቁርባን፣ ማን ይቀበለዋል? ውኃው ውስጥ ባደርገው ኃጢአት አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ግቢው ውስጥ ማንም የማይደርስበት ጥግ አለ፣ ከአጥሩ ሥር። ሙዳይዋን ወንዝ ውስጥ እጥላታለሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ አላየሁም እላለሁ፣ ማረጋገጫ የለ፣ ምን የለ። እንዴት ያለ ንጹሕ መላ ነው! ብርጭቆውን ጠዋት ሦስት ጊዜ አጥቤ ሞላሁት። እጄን ወደ ቁም ሳጥኑ ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ወደ ካህን ብትወስጂው ምን ይቀርሻል? ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ሆስፒታሉ ጎን ነው፣ ዕቃው ጠፋ ብለው ያመለከቱት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ከየት አገኘሽው ይሉኛል፣ በአንድ ስልክ ነገሩ አለቃዋ ጋ ይደርሳል። እና ውኃው? ክብሩን ለመጠበቅ ነው ወይስ ራስሽን ለማዳን? ተይኝ እስቲ። ተይኝ አልኩሽ።

ስልኩ ይጮኻል። ስምንት ሰዓት ነው። በሦስተኛው ጥሪ አነሣሁት።

«የኔ እናት! ደህና ነሽ? ምሳ በላሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። እግርሽስ?»

«እግሬን ተይው፣ እሱ አርጅቷል። በይ ንገሪኝ፣ ዛሬ አባ ምን አሉ?»

ተዘጋጅቻለሁኮ። የዛሬው ወንጌል ጴጥሮስ በባሕሩ ላይ ሲሄድ ነው፤ እርጥብ ልብስ ምን ያህል እንደሚከብድ ተሸክሞት የማያውቅ ሰው ጴጥሮስን አይፍረድበት አሉ አባ፣ ብዬ ልጀምር ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከቁም ሳጥኑ ላይ ያየኛል።

«እማዬ፣ አባ የሉም።»

«ታመሙ እንዴ?»

«አይ። ከድሮም የሉም። ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የነገርኩሽን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የእማዬ ያልሆነ ድምፅ፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ሲል ሰማሁ።

«እማዬ፣ ማን አለ እዚያ?»

«የሰፈር ሴቶች ናቸዋ» አለች እማዬ፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። «እሑድ እሑድ ስብከቱን ሊሰሙ ይመጣሉ። ስልኩን ጮክ አድርጌ ነው የማሰማቸው። ሰባት ናቸው።»

ሰባት! አንዷን በድምፃቸው አወቅኳቸው፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ናቸው፤ «ታዲያ ያ የፎጣው ነገር? ማን አጠበው ያሉት?» ይላሉ። እኔ ነኝ እትዬ አልኳቸው። «በሞትኩት! እኔኮ ለኛው አባ ነግሬያቸው እሳቸውም ሰበኩት!»

«ዝም በሉ እስቲ!» አለች እማዬ። ከዚያ ለእኔ፣ ቀስ ብላ፣ «ስድስት ዓመት ዋሽተሽኝ፣ ዛሬ ምን አስነገረሽ?»

«እሱ ፊት መዋሸት ፈራሁ።»

«ማን ፊት?»

ነገርኳት። አራግፌ እንዳገኘሁት፣ ባልዲውን፣ ጓንቱን፣ መልእክቱን፣ ሲስተር ከሮም ነው የሚፈታው ያሉትን፣ ብርጭቆውን ሳይቀር ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ እያለቀስኩ፣ ቃሉ እየተደነቃቀፈብኝ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «የት አስቀመጥሽው?» አለች።

«ቁም ሳጥን ላይ። ከፍ ያለ ቦታ ሌላ የለኝም።»

«ምን አንጥፈሽ?»

«ነጭ ፎጣ። ራሴ ተኩሼው።»

«መብራትስ?»

«ሻማ ክልክል ነው እማዬ፣ ጭስ ካሸተተ ሕንፃው ሁሉ ይጮኻል። የራስጌ መብራቴን አብርቼለታለሁ። ከአርብ ጀምሮ አላጠፋሁትም።»

አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ አንዲት ሴት አቃሰተች፣ የሆነ ነገር ዷ አለ።

«እማዬ? እማዬ! ወደቅሽ?»

«አትጩኺ። እየተንበረከክን ነው።»

«እግርሽስ!»

«እግሬን ተይው አልኩሽ። ስልኩን ወደ እሱ አዙሪው።»

ወንበር ላይ ወጣሁና ስልኩን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ወደ ሙዳይዋ አዞርኩት። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ ድምፃቸው ወደ እኔ አልነበረምና። እጄ እስኪዝል ቆምኩ። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ እማዬ ጠራችኝ፣ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«አሁን ተነሺና ውሰጂው። የተወገዘው ሊያረክሰው የወሰደ ነው፣ ከእሳት ያወጣ አይደለም። ውኃውን ድፊው።»

«ፈራሁ እማዬ። ነገ ያባርሩኛል። ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል።»

«እውነቷን ነው እኮ» አሉ እትዬ ከጀርባ፣ «ቢያባርሯትስ?»

«ታዲያ ትመጣለቻ!» አለች እማዬ። «ቤቷ አይደለም እንዴ?»

ስድስት ዓመት አገር ቤት መመለስ የሚባለውን ቃል ስሸሸው ኖሬአለሁ፣ እሷ ገበያ ስለሄደ ሰው እንደምታወራ አድርጋ አለችው። ውኃውን ደፋሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሙዳይዋን ከነፎጣው ደረቴ ላይ ይዤ፣ የጓንቱን ፌስታል በኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ስልኩን አትዝጊ ብላኛለች፣ ሌላው ኪሴ ውስጥ ሰባት ሴትና እናቴ መቁጠሪያ ይደግማሉ። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያዝ ነገር አለ፣ እኔ ግን ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፣ በየማዞሪያው ልወድቅ እላለሁ፣ ዖዛ ትዝ ይለኛል፣ አቤቱ አታንገዳግደኝ እላለሁ። አንድ ሽማግሌ እጄን አየና ተነሥቶ አስቀመጠኝ፣ የታመመ ነገር የያዝኩ መስሎት ይሆናል። ከመሬት በታች ባለው መንገድ ስንገባ መስመሩ ተቋረጠ። የማርያም ሰላምታው ላይ ደርሰው፣ ስለ እኛ ለምኝልን ከሚለው በፊት ነው የተቋረጠው። ሳላስበው ካቆሙበት ቀጠልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው፣ ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል። ካህኑ ወንበር እያስተካከሉ ነው፣ አጭር፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደ። በተሰባበረ ቋንቋዬ ምን እንደምል ስንት ጊዜ ተለማምጄ መጣሁ፣ ሁሉም ጠፋኝ፣ ፎጣውን ብቻ ገለጥኩላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ወደ መሠዊያው ሄዱ፣ ተንበረከኩ፣ ቁርባኑ የሚቀመጥበትን ሣጥን ከፍተው አስገቡት፣ ቆለፉ፣ እንደገና ተንበረከኩ። ደረቴ ላይ የነበረው ቦታ በረደኝ። ተመልሰው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። የት እንዳገኘሁት ነገርኳቸው፣ ጓንቱንም ሰጠኋቸው፤ አልሳቁብኝም። ለበሽተኞች ቁርባን የሚያደርሱት አሮጊት ከአርብ ጀምሮ እህል አልቀመሱም አሉኝ፣ አሁን ልደውልላቸው ነው አሉ፣ ለሆስፒታሉም መገኘቱን ማሳወቅ አለብኝ አሉ። እዚህ ላይ ቆም አሉና አዩኝ።

«ያንቺን ሥራ የሚነካ ከሆነ» አሉ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተጥሎ ተገኘ ልበላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅም።»

እሺ ልል ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እሺ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። አለቃዋን አየኋት፣ ሠላሳውን ቀን ቆጠርኩት፣ ሻንጣዬን አየሁት። ፍርሃቱ እንደ አርብ ነው፣ ቅንጣት አልቀነሰም።

«አይበሉ አባ» አልኩ። «እሱን ማንም በር ላይ አልጣለውም።»

ታዲያ ያመጣው ማን ነው ልበላቸው አሉና ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያልኩ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ጻፉት።